ከሁለት ምሽት በኋላ

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ልጅ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። መጣና «እትዬ፣ ልቀመጥ?» አለኝ። ተቀመጠ። ማኪያቶ አዘዘ፤ ግን አልጠጣውም። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በማንኪያ ሲያማስለው ቆየ። ሦስት ወር ያጠናውን ዋና ሚና ወስደው ለሌላ ሰጥተውበታል። የተሰጠው ልጅ ቲክቶክ ላይ ተከታዩ ብዙ ነው አሉ። ስልኩን አውጥቶ ፖስተሩን አሳየኝ። መጀመሪያ የእሱ ፊት ያለበትን፣ ቀጥሎ የሌላውን። ካባው ያው፣ ጎራዴው ያው፣ ፊቱ ብቻ ተቀይሯል። «በቃኝ እትዬ፣ ልተወው ነው» አለኝ።

«አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ብዬ ሸኘሁት።

ቤቴ ስገባ በራሴ ተናደድኩ። አርባ ዓመት መድረክ ላይ ቆሜ፣ ላዘነ ልጅ የምለው ይህችው ናት? እሷንማ ማንም መንገደኛ ይላታል። ስለዚህ ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ የነበረውን አሁን ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ የመድረክ ሰው ነው። አይራ አልድሪጅ ይባላል። ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ አዘጋጅ ነው። ኦቴሎ ነጭ ሴት አግብቶ በቅናት ስለሚቃጠል ጥቁር የጦር አዛዥ የሚተርክ የሼክስፒር ተውኔት ነው፤ እኛ የምናውቀው በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው፤ ያን ቀን በጥናት እረፍት ላይ እሱን እያነሳን ስንጫወት አዘጋጁ «ኦቴሎን ለመጫወት ፊቱን ጥቀርሻ መቀባት ያላስፈለገውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ማናችንም አናውቅም። በእኛ አገር ችግሩ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ ሁላችንም ጥቁር ስለሆንን ተመልካቹ ኦቴሎ ለምን እንደ ባዕድ እንደሚታይ በምን ይግባው? ስንከራከር እረፍቱ አለቀ። ስሙ ግን አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

አልድሪጅ የተወለደው በ1807 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። (የምጠራላችሁ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) በዚያች ከተማ ባርነት ፈጽሞ የቀረው በ1827 ስለሆነ፣ እሱ ነፃ ሆኖ ቢወለድም ያደገው ሰው በሚሸጥበት አገር ነው። አባቱ ጭድ እየሸጠ የሚተዳደር ሰባኪ ነበር። ልጁም ሰባኪ እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። የእናንተ አባቶች ኢንጂነር እንድትሆኑ እንደሚፈልጉት ማለት ነው። ልጁ ግን ቴአትር አየ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታየውም።

ያኔ ኒው ዮርክ ውስጥ የጥቁሮች ቴአትር ቡድን ነበር። የመሠረተው ዊሊያም ብራውን የሚባል በመርከብ ላይ አስተናጋጅነት ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ የከፈተው የመናፈሻ ቦታ ነበር። ሰዎች መጥተው ይጠጣሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ። ቀስ በቀስ ወደ ቴአትር ተለወጠና በ1821 የሼክስፒርን ሪቻርድ ሦስተኛ አቀረቡ። ይህ ያልተዋጠላቸው ነጮች እየመጡ ይረብሹ ነበር። ፖሊስም መጥቶ ተዋናዮቹን አሠረ። ሲለቀቁ ሼክስፒርን ዳግመኛ እንዳይጫወቱ ቃል ግቡ እንደተባሉ በጊዜው ጋዜጣ ተጽፏል። እስቲ አስቡት፤ አትስረቁ፣ አትደባደቡ አይደለም የተባሉት። ሼክስፒርን አትጫወቱ!

ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ተበተነ። አልድሪጅም አሥራ ሰባት ዓመቱ ገደማ ወደ እንግሊዝ በምትሄድ መርከብ ተሳፈረ። የሄደው የአንድ ነጭ ተዋናይ አገልጋይ ሆኖ ነው። ይህቺን «አገልጋይ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

በ1825 ለንደን ላይ መድረክ አገኘ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ዛሬ ኦልድ ቪክ በሚባለው፣ ያኔ ሮያል ኮበርግ ይባል በነበረው ቤት በዋና ሚና ወጣ። ታይምስ ጋዜጣ በከንፈሩ ቅርጽ ምክንያት እንግሊዝኛ በትክክል ሊናገር ፈጽሞ አይችልም ብሎ ጻፈበት። ሰውዬው የተወለደበትን ቋንቋ! እኔ እንዲህ ቢጻፍብኝ ለሳምንት ከአልጋዬ አልነሳም ነበር። እሱ ግን ክፍለ ሀገር ወጣ። በከተሞቹ እየዞረ ሲሠራ ቆይቶ በ1828፣ ገና ሃያ ዓመቱ ላይ፣ የኮቨንትሪ ከተማን ቴአትር እንዲያስተዳድር ተሰጠው። ባርነት ይወገድ የሚል አቤቱታም ከከተማዋ ለፓርላማ የቀረበው በዚሁ ጊዜ ነው። የእሱ ንግግሮች የሰውን ልብ እንዳነሳሱ ይነገራል።

አሁን ወደ 1833 እንምጣ። ደብዳቤውን የምጽፈው በዚህ ዓመት ምክንያት ነው።

ያኔ የእንግሊዝ የመድረክ ንጉሥ ኤድመንድ ኪን ነበር። መጋቢት 25 ቀን ኮቨንት ጋርደን በሚባለው ታላቅ ቴአትር ቤት ኦቴሎን እየተጫወተ ነው። ኦቴሎን በተንኮል የሚያሳስተውን ኢያጎን የሚጫወተው የገዛ ልጁ ቻርልስ ነው። መሀል ላይ ኪን ደከመ፤ ድምፁ ጠፋ፤ በልጁ ክንድ ላይ ወደቀ። ተሸክመው አወጡት። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አልተመለሰም፤ በግንቦት ሞተ።

ታላቁ ቤት ኦቴሎ የለውም። የቤቱ ኃላፊ ማንን ቢጠራ ጥሩ ነው? አይራ አልድሪጅን።

ይህን ሳስበው እስካሁን ሆዴን ይገለባብጠኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ በየገጠር ከተማው ዞረሃል። ጋሪ ላይ ተኝተሃል። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል (ያኔ ስልክ የለም፣ እንዲያው ለአባባሉ ነው)፤ «ና፣ የንጉሡን ካባ ልበስ» ትባላለህ። ሃያ አምስት ዓመትህ ነው። ካባው ገና የሌላውን ሰው ላብ አልለቀቀም።

ሚያዝያ 10 ቀን ወጣ። የኦቴሎን ነጭ ሚስት ዴዝዴሞናን የተጫወተችው ኤለን ትሪ ነበረች፤ በጊዜው ስሟ የገነነ ተዋናይ ናት። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሕዝብ አጨበጨበለት። ጋዜጦቹ ግን ገና ሳይወጣ ነበር የጀመሩት። ከመድረኩ በፊት ዘመቻ ተከፍቶበታል። ከታየ በኋላ ደግሞ አንዱ መጽሔት አንዲት የተከበረች እመቤት በዚያ ነጭ ተዋናይ ጥቁር አገልጋይ ስትዳሰስ ማየት ነውር ነው ብሎ ጮኸ። አያችሁ? ስምንት ዓመት ዋና ሚና ሲጫወት ኖሮ፣ እነሱ የሚያስታውሱት በመርከብ የመጣበትን ሥራ ነው። ሰው ሊያዋርድህ ሲፈልግ የጀመርክበትን ቀን አይረሳልህም።

ነገሩ የቀለም ጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበረበት። በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ባርነት ይቅር አይቅር እያለ ይከራከር ነበር። በካሪቢያን ደሴቶች ባሪያ አሳድረው የስኳር እርሻ ያላቸው ባለጸጎች ለንደን ላይ ጉልበት ነበራቸው። በትልቁ መድረክ ላይ የሼክስፒርን ቃል አሳምሮ የሚናገር ጥቁር ማየት ለእነሱ ክርክር አይመችም። ሕጉ በነሐሴ ጸደቀ። አልድሪጅ ግን ሚያዝያ ላይ ነበር የወጣው።

ስንት ቀን ሠራ? ሁለት ምሽት። ከተማውን ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ስለነበር ቴአትር ቤቱ ተዘጋ፤ ሲከፈት የእሱ ስም አልነበረም። አለቀ።

ያ የሻይ ቤት ልጅ፣ ፖስተሩ አንተ ላይ ብቻ የደረሰ አይምሰልህ።

እስቲ ደግሞ የራሴን ላውራችሁ። ወጣት ሆኜ አንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ዋና ሚና ተሰጠኝ። አራት ወር አጠናሁ። ቃለ ተውኔቱን ልብስ ሳጥብ፣ ሽሮ ሳማስል፣ ታክሲ ውስጥ እያልኩት እናቴ ሳይቀር ሸምድዳው ነበር። ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥናት ስገባ ሌላ ሴት በእኔ ቦታ ቆማለች። ማንም የነገረኝ የለም። አዘጋጁ ዓይኔን አያይም። ልብስ የምትሰፋው ሴት ብቻ መጥታ «የኔ ልጅ፣ ቀሚሱን እያጠበብኩት ነው» አለችኝ። በዚያ ነው ያወቅሁት። እሷ ከእኔ ቀጭን ነበረች።

ሁለት ሳምንት አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ተጓዥ ቡድን ወደ ደሴ ሊሄድ ነው ሲባል፣ የጎረቤት ሴትዮ ሚና ነበረች፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ ወሰድኳት። ያኔ ክፍለ ሀገር መውጣት እንደ ቅጣት ነበር የሚታየው። አዲስ አበባ ያላገኘ ነው የሚሄደው ይባላል። እኔም በውስጤ እንደዚያ ነበር የማስበው።

በሄድን በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የከተማው አዳራሽ ሞልቷል፣ ሰው በመስኮት ሳይቀር ቆሟል። ማሾ ተፈልጎ መጣ። ሁለት ማሾ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ማሾ ደግሞ ታውቁት እንደሆነ ሹሹ ይላል፤ ድምፅህን ከእሱ በላይ ማውጣት አለብህ። ማይክ የሚባል የለም። ሰባቷን ዓረፍተ ነገሬን ስናገር፣ አራተኛዋ ላይ አንዲት እናት ከመሀል ተነስታ «ዋሽታለች! ዋሽታለች ነው የምላችሁ! እኔ አይቻታለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ቃሌ ጠፋኝ። ምን ላድርግ? ዞር ብዬ «ማዘር፣ እባክሽ ለባሌ እንዳትነግሪብኝ» አልኳት። በስክሪፕቱ የለም። አጨበጨቡ። በዚያ ምሽት የተማርኩትን በአራት ወር ጥናት አልተማርኩትም። ተመልካች በጨለማ ውስጥ ያለ ወንበር እንዳልሆነ ገባኝ። መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

ወደ አልድሪጅ ልመለስ። ለንደን ትልቁን በር ዘጋችበት። እሱም ወደሚያውቀው መንገድ ተመለሰ። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድ፤ ትልቅ ከተማ፣ ትንሽ ከተማ፤ ዓመት ከዓመት። ኦቴሎን ብቻ ይዞ አልዞረም። ለጥቁር የተጻፈ ሚና ጥቂት ስለሆነ ሲያልቅበት የነጮቹን ያዘ። ሻይሎክን፣ ማክቤትን፣ ሪቻርድ ሦስተኛን፣ ንጉሥ ሊርን ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ዊግ አድርጎ ተጫወተ። ነጮች ጥቁር ተቀብተው ኦቴሎን ይጫወቱ የለ? እሱም ተበቀለ በሉት። ሳይሆን አይቀርም ደግሞ ብድሩን ሲመልስ ውስጥ ውስጡን ሳቅ ብሏል። እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

አንድ የማይዋጥልኝን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ያኔ በእንግሊዝ ቴአትር አንድ ምሽት ላይ ከትልቁ ተውኔት በኋላ አጭር ኮሜዲ ይከተላል። አልድሪጅ ኦቴሎን ሲያለቅስ አምሽቶ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ሙንጎ የሚባል ሰካራም ባሪያ ሆኖ ይመለስና እየዘፈነ ያስቃል። ያ ሚና በጥቁር ሰው ላይ ለማሾፍ የተጻፈ ነው። ለምን ተጫወተው? እንጀራ ነዋ። አንዳንዶች ተመልካቹ የሁለቱን ልዩነት አይቶ በችሎታው እንዲገረም ነው ይላሉ፤ ከዋይታ ወደ ሳቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ሊሆን ይችላል። እኔም በሕይወቴ ያፈርኩባቸውን ሚናዎች ተጫውቻለሁ፤ የገጠር ሰው መጥቶ ከተማ ውስጥ ሲደናበር የሚያሳዩትን ዓይነት። ከአገር ቤት የመጣ አጎቴ አንዱን አይቶ ሲወጣ ምንም አላለኝም። ዝም አለ። እስከ ዛሬ ያ ዝምታ ይሰማኛል። ስለዚህ በአልድሪጅ ላይ አልፈርድም፤ ግን ደስ አይለኝም።

ሌላም አለ። በፖስተሮቹና በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ የሴኔጋል ልዑል ዘር ነኝ ይል ነበር። የጭድ ሻጩ ልጅ! ተመልካች ልዑል ያማረዋል፣ እሱም ልዑል ሰጠው። ዛሬ እናንተ ፕሮፋይላችሁ ላይ «ዓለም አቀፍ አርቲስት» ብላችሁ የምትጽፉት መሆኑ ነው፤ ዱባይ አንድ ሰርግ ላይ ሠርታችሁ። አታድርጉት። እሱ ያደረገው ሌላ በር ስላልነበረው ነው።

በየከተማው የመጨረሻ ምሽት ላይ ደግሞ ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ ለተመልካቹ ንግግር ያደርግ ነበር። ስለ ባርነት ነበር የሚናገረው። ሰው አልቅሶ፣ አጨብጭቦ፣ ልቡ ተከፍቶ ባለበት ሰዓት። ጊዜውን እንዴት እንደመረጠ አያችሁ? መጀመሪያ ሥራውን አሳያቸው፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

በ1852 ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ አህጉር ሄደ። ከብራስልስ ጀመረ፤ ጀርመን ገባ። አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ለሙያው ሰው ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ጀርመንኛ አይችልም። ስለዚህ እሱ በእንግሊዝኛ ይጫወታል፣ አብረውት ያሉት ተዋናዮች በጀርመንኛ ይመልሱለታል። ኢያጎ በጀርመንኛ ጆሮው ውስጥ መርዙን ያንጠባጥባል፤ ኦቴሎ በእንግሊዝኛ ይቃጠላል። አብዛኛው ተመልካች የእሱን ቃል አይረዳም። አዳራሹ ግን ይሞላል። የፕሩሲያ ንጉሥ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ሌላ የጀርመን መስፍን ደግሞ የክብር ኒሻን ሰጠው።

እንዴት ይሆናል? እናንተ ኪው የምትሉትን አስቡ። የጓደኛህ የመጨረሻ ቃል ነው፤ እሱን ሰምተህ ትገባለህ። ብዙዎቻችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ፣ ሌላው ሲናገር የምታደርጉት እሷን አንዲት ቃል መጠበቅ ነው። አትሰሙም። ተራችሁ እስኪደርስ ቆማችሁ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ግን እንደዚያ ማድረግ አይችልም። የጓደኛውን ትንፋሽ፣ የትከሻውን አነሳስ፣ ድምፁ የሚወርድበትን ቦታ ማንበብ አለበት። አልድሪጅ ቃሉ ስለተወሰደበት ሰውየውን ማዳመጥ ግድ ሆነበት።

እኔ ይህን በትንሹ ቀምሼዋለሁ። ጅማ አካባቢ አንድ ቦታ ስንሠራ ከተመልካቹ ብዙው አማርኛ ብዙም አይሰማም ነበር። ልጇ የሞተባትን እናት ነበር የምጫወተው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጋቢውን ሳጥፈው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና ፈትቼ ሳጥፈው፣ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ገና አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ሲመጣልኝ የማሠራው ልምምድ አለ። ቃለ ተውኔቱን ተዉት፣ «ሀ ሁ ሂ» እያላችሁ ትዕይንቱን ተጫወቱት እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ይስቃሉ። በሦስተኛው ቀን አይስቁም። እቤታችሁ ሞክሩት።

በ1858 ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ገባ። እዚያ ያገኘውን ሰው ሳስብ ደስ ይለኛል። ታራስ ሼቭቼንኮ ይባላል፤ የዩክሬን ባለቅኔና ሠዓሊ ነው። ጭሰኛ ሆኖ ተወልዶ፣ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው በገንዘብ ነፃ የወጣ። ኋላ በግጥሙ ምክንያት ንጉሡ አሥር ዓመት በግዞት አስቀምጦት ገና መመለሱ ነበር። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። የአንድ ባለሥልጣን ልጆች የሆኑ ልጃገረዶች ያስተረጉሙላቸዋል። ሼቭቼንኮ ሊሥለው አስቀመጠው፤ አልድሪጅ ግን አርፎ አይቀመጥም፣ ይዘፍናል፣ ይስቃል። ያም ይዘፍንለታል። አንዱ ሰው በሚሸጥበት አገር ያደገ፣ ሌላው ራሱ የተሸጠና የተገዛ። ምን እንደተባባሉ ለመረዳት አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው አይመስለኝም። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ሞስኮ፣ ትሬትያኮቭ ሙዚየም ውስጥ።

በዚያው 1858 ለንደን መሀል፣ ላይሲየም በሚባለው ቤት እንደገና ኦቴሎን ተጫወተ። ከኮቨንት ጋርደን ሁለት ምሽት በኋላ ሃያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። እስኪ ቁጠሩት። ብዙዎቻችሁ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልኖራችሁም።

በ1865 ደግሞ ሄይማርኬት በሚባለው ቴአትር ተጫወተ። ዴዝዴሞና የሆነችው ማጅ ሮበርትሰን የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኋላ ታላቅ ተዋናይ ሆናለች። በስተርጅና ስታስታውሰው አንድ ነገር አወራች። ኦቴሎ «እጅሽን ስጪኝ» የሚልበት ቦታ አለ። አልድሪጅ እዚያ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ እጇን አይዝም። መዳፉን ይዘረጋል። ይጠብቃል። እሷ ነጭ እጇን ጥቁር መዳፉ ላይ ታሳርፋለች። አዳራሹ ያያል። ከዚያ ያጨበጭባል። ሁልጊዜ።

እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተነስቼ ወጥ ቤት ሄድኩ። ውሃ ጠጣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ሰውዬውን ያባረሩት አንዲት ነጭ ሴት ስለነካ ነው። ያባረሩበትን ነገር ደብቆ አልተመለሰም። ከነመብራቱ መሀል መድረክ ላይ አስቀመጠው። የሚያጨበጭቡት ለእሱ ነው። ደግሞ እጇን አልጎተተም፤ ዘርግቶ ጠበቀ። እሷ ናት የምታስቀምጠው። በመዳፍ ብቻ ይህን ሁሉ መናገር የሚችለው ያ ቋንቋው በማይሰማበት አገር የከረመ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1863 የእንግሊዝ ዜግነት ወስዷል። አሜሪካ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ ባርነት ከቀረ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ሊጫወት ድርድር ጀምሮ ነበር። አልደረሰም። ነሐሴ 1867 ፖላንዶች ዉች በሚሏት ከተማ፣ ለሥራ እንደሄደ፣ በስድሳ ዓመቱ ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ከወጣ በኋላ በአሜሪካ መድረክ ላይ አንድም ቀን አልቆመም።

ሲሞት አማንዳ የምትባል የአንድ ዓመት ልጅ ነበረችው። አባቷን አታስታውሰውም። አድጋ ዘፋኝ፣ የሙዚቃ ደራሲና የድምፅ አስተማሪ ሆነች፤ ለንደን ትኖር ነበር። በ1930 ፖል ሮብሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ለንደን ውስጥ ኦቴሎን ሊጫወት ሲዘጋጅ ንግግሩን ካስጠኑት አንዷ እሷ ናት። አባቷ ኦቴሎን ሲጫወት ያደርጋቸው የነበሩትን የወርቅ ጉትቻዎች እንደሰጠችውም ይነገራል። ሮብሰን ከ1943 ጀምሮ ያንኑ ሚና ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ 296 ጊዜ ተጫወተው። አልድሪጅ በተወለደበት ከተማ። ጥቁሮቹ ሼክስፒርን አትጫወቱ በተባሉበት ከተማ።

ስትራትፎርድ፣ በሼክስፒር የትውልድ ከተማ ባለው ቴአትር ቤት፣ የታላላቅ ተዋናዮች ስም የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ ያለባቸው ወንበሮች ተዘጋጅተው ነበር። ሠላሳ ሦስት ነበሩ። አንዱ የአልድሪጅ ነበር። ሄጄ አላየሁትም። ዛሬም ካለ፣ ብሄድ እዚያ ላይ ተቀምጬ ትንሽ እግሬን ባሳርፍ ደስ ይለኛል።

አንተ የማኪያቶው ልጅ፤ ስምህን ሳልጠይቅህ ነው የተለያየነው፣ ይቅርታ። ሒሳቡን ከፍያለሁ። በሚቀጥለው ወር ወደ ደሴና ወልድያ የሚሄድ ቡድን አለ። ሁለት ሚና ክፍት ነው፤ አንዱ የዘበኛ ነው፣ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር አለው። አበሉ ትንሽ ነው፣ አውቶቡሱም ያው የምታውቀው ነው። ብርድ ስላለ ጋቢ ያዝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሻይ ቤት አለሁ።

እትዬ